የመንገዱም ዋጋ ከትምህርቱ ዋጋ ጋር ይቆጠር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ስካይላይን የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሊስበርግ ፓይክና በጆርጅ ሜሰን ጎዳና መገናኛ የቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች፣ በዙሪያቸው ያሉት የአገራችን ምግብ ቤቶችና እንጀራ የሚሸጥባቸው ሱቆች ሰፈሩን ከሩቅ ያስታውቁታል። ከዚህ ሰፈር አንድ ማይል ያህል ርቆ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአሌክሳንድሪያ ግቢ ይገኛል። ከአገር ቤት የመጣ ወጣት እንግሊዝኛውን የሚያጠናክርበት፣ ሒሳብ አያያዝና ኮምፒዩተር የሚማርበት፣ ቆይቶም ወደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሻገርበት ድልድይ ይህ ግቢ ነው።

አንድ ማይል ለእኛ አገር ሰው መንገድ አይባልም። ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ በእግሩ እየተመላለሰ የተማረ ትውልድ ያንን ርቀት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሄድ አልደከመውም፤ እንዲያውም ብዙው ክርክርና ብዙው ወዳጅነት የተጀመረው በዚያ መንገድ ላይ ነው። የስካይላይኑን አንድ ማይል በእግሩ የሞከረ ጓደኛችን የሚነግረን ግን ሌላ ነው። መኪና እንደ ክረምት ወንዝ የሚወርድበትን ሰፊ ጎዳና ማቋረጥ አለበት፤ ጨለማ ከሆነ ደግሞ ነጂው እግረኛ ይኖራል ብሎ ስለማይጠብቅ የበለጠ ያስፈራል። ስለዚህ ከአገር ቤት በመጣ በጥቂት ወር ውስጥ ተማሪው መኪና መግዛት ግድ ይሆንበታል። ግዛ ብሎ ያዘዘው ሰው የለም፤ የከተማው አሠራር ራሱ አዘዘው እንጂ።

እኛ በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ክፍያ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ሥራ ፈቃድ ብዙ ጽፈናል። ተማሪው ከቤቱ እስከ ክፍሉ ስለሚሄድበት መንገድ ግን አንድ ዓምድ እንኳ አልሰጠንም። ይህ ጉድለት የራሳችን ስለሆነ በዚህ ርእሰ አንቀጽ ልናርመው እንወዳለን። (የኢትዮጵያ ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ በ1965 ለተማሪዎች በሩን ሲከፍት እዚሁ በስካይላይን አጠገብ ቤይሊስ ክሮስሮድስ በሚባለው ቦታ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በ761 ተማሪዎች ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከሚገኙት ትልልቅ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አንዱ ነው። የተማሪ ማደሪያ ግን የለውም። ይህ ማለት እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ከቤቱ ወይም ከሥራው ተነሥቶ መምጣት አለበት ማለት ነው። ኮሌጁ የተሠራው ደግሞ ሰው ሁሉ መኪና ይኖረዋል ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን ስለሆነ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጎን ለጎን የመኪና ማቆሚያው ሰፊ መሬት ይዟል። አንድ መኪና ለማቆምና ለማዞር 30 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ከሦስት ሰው ጋር ተከራይተን የምንኖርበት ክፍል ከዚያ እምብዛም አይበልጥም።

ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር በ2024 ባወጣው ሒሳብ አንድ አዲስ መኪና ለባለቤቱ በዓመት በአማካይ 12,297 ዶላር ያስወጣዋል፤ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥገናው፣ ወለዱና የዋጋው መቀነስ ተደምሮ ማለት ነው። የቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ ተማሪ ሙሉ ጊዜውን ቢማር የዓመቱ የኮሌጅ ክፍያ የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ተማሪ አዲስ መኪና አይገዛም፤ አሮጌ ይገዛል የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን አሮጌ መኪና በወለድ የማይወስደውን በጥገና ይወስደዋል፤ ወጣት ነጂ ደግሞ በኢንሹራንስ ከሌላው የበለጠ ይከፍላል። እንግዲህ ርካሽ ነው ተብሎ የሚመረጠው ኮሌጅ በበሩ ላይ ያልተጻፈ ሁለተኛ ክፍያ አለው።

አንድ ጓደኛችን ሌሊቱን በዋሽንግተን መሐል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያወጣ ያድራል። ጧት ወደ ትምህርቱ ሲመጣ የራሱን መኪና የሚያቆምበት ቦታ ፍለጋ ግቢውን ይዞራል። «የሰው መኪና ሳቆም አድሬ የራሴን ማቆሚያ አጣሁ» እያለ ያስቀናል። ያንኑ መኪና ለመክፈል ሲል በሴሚስተሩ ሁለት ኮርስ ብቻ ስለሚወስድ ሁለት ዓመት የሚፈጀው ትምህርት አራተኛ ዓመቱን ይዞበታል። መኪናውን የሚፈልገው ሥራ ለመሥራት ነው፤ ሥራውን የሚፈልገው ደግሞ መኪናውን ለመክፈል ነው። በዚህ አዙሪት ውስጥ የገባውን ወንድም ሰነፍ ነው፣ ትምህርቱን አይወድም እያልን ስናማ የቆየን ሁሉ ልናፍር ይገባናል።

አውቶቡስ የለም ወይ? አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስተዛዝበው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ዳሽ የተባለውን የራሱን አውቶቡስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ለማንኛውም ተሳፋሪ በነፃ አድርጎታል። ከወንዙ ማዶ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያገለግለው የሞንትጎምሪ አውራጃ አውቶቡስ ራይድ ኦንም ከጁን 2025 ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ስካይላይን ግን ከአሌክሳንድሪያ ወሰን ጥቂት ወጥቶ በፌርፋክስ አውራጃ ውስጥ ነው፤ በሊስበርግ ፓይክ የሚያልፈው ሜትሮባስ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ያስከፍላል። ከወሰኑ ወዲያ የሚኖር ተማሪ በነፃ ሲሳፈር ከወሰኑ ወዲህ የሚኖር ጎረቤቱ ይከፍላል፤ ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ኮሌጅ ነው። የምድር ባቡሩም ሜትሮ ወደ ስካይላይን አልመጣም።

ሳይመጣ የቀረ ሌላም ባቡር አለ፤ ይህን ለማያውቁ ወጣቶች ማስታወስ ያስፈልጋል። አርሊንግተንና ፌርፋክስ አውራጃዎች ከፔንታጎን ሲቲ ተነሥቶ በኮለምቢያ ፓይክ አድርጎ ስካይላይን የሚደርስ፣ አምስት ማይል ያህል የሚረዝም የጎዳና ባቡር ሊሠሩ በጁላይ 2012 ወስነው ነበር። የመጨረሻው ፌርማታ እዚህ በደጃችን ሊሆን ነው። ከዚያ በኋላ ወጪው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተነገረ፤ በ2013 በዚያው ጎዳና ላይ አንድ ሚሊዮን ዶላር የፈጀ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ተሠርቶ ጣሪያው ዝናብ በደንብ አያስጥልም ተብሎ መሳቂያ ሆነ፤ ሕዝቡም ተቆጣ። በ2014 የጎዳናውን ባቡር አጥብቆ የተቃወመ ዕጩ በአርሊንግተን ምርጫ አሸነፈ፤ በኖቬምበር 2014ም የአውራጃው ምክር ቤት ሥራው እንዲቀር ወሰነ።

ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ተሳስተዋል አንልም። በዚያ ገንዘብ ብዙ አውቶቡስ ይገዛል ያሉት ሰዎች ቁም ነገር ተናግረዋል። እኛን የሚያሳዝነን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ክርክር ውስጥ የግብር ከፋዩ፣ የባለሱቁና የባለቤቱ ድምፅ ተሰማ፤ በየጧቱ በኮለምቢያ ፓይክ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሆቴል ለማጽዳት የሚሄደው ሰውና ማታ ከሥራ ወጥቶ ኮሌጅ የሚሮጠው ተማሪ ምን አለ? የእኛ ማኅበርስ ምን አለ? በስብሰባው አዳራሽ ተነሥቶ «እኛ ተሳፋሪዎች ነን» ያለ አባላችንን እናስታውስ ብንል የምናስታውሰው የለንም። ባቡሩ ቀረ፤ ባቡር ይቅርና አውቶቡስ ይሻላል ያሉት ሰዎች ቃላቸውን እንዲፈጽሙ የጠየቃቸውም ከእኛ ወገን አልተገኘም። አሁን በዚሁ በሊስበርግ ፓይክ ላይ ከታይሰንስ እስከ አሌክሳንድሪያ የራሱ መስመር የሚኖረው ፈጣን አውቶቡስ ለማስኬድ ጥናት ከተጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህም እንደ ባቡሩ ሳንሰማው እንዳይቀር ያሰጋናል።

በሜሪላንድ በኩል የተደረገው ተቃራኒውን ያሳያል። ፐርፕል ላይን የተባለው የባቡር መስመር ከቤተስዳ ተነሥቶ በሲልቨር ስፕሪንግና በላንግሊ ፓርክ በኩል ኒው ካሮልተን የሚደርስ፣ 16 ማይል ርዝመትና 21 ጣቢያዎች ያሉት ሥራ ነው። በመንገዱ ላይ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን የኮሌጅ ፓርክ ግቢ ይሰነጥቃል። የሜትሮው ኮሌጅ ፓርክ ጣቢያ በ1993 ሲከፈት ከግቢው ውጭ ስለነበረ ተማሪው ከባቡር ወርዶ እንደገና ሌላ አውቶቡስ መጠበቅ ነበረበት። አዲሱ መስመር ግን በግቢው መሐል፣ በካምፓስ ድራይቭ ላይ ይለፍ ሲባል የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዳን ሞት ለእግረኛው ደኅንነትና በቤተ ሙከራ ላሉት ረቂቅ መሣሪያዎች ሠግተው ተቃወሙ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2010 መጨረሻ የተተኩት ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎ ሐሳቡን ተቀበሉና ባቡሩ በግቢው መሐል እንዲያልፍ ተስማሙ።

ሥራው በ2017 ተጀመረ፤ በ2020 የሥራ ተቋራጩ በገንዘብ ተጣልቶ ጥሎ ሄደ፤ በ2022 ሌላ ተተካ። በ2022 ሊከፈት የነበረው መስመር ቀጠሮው ወደ 2027 መጨረሻ ግድም ተዛውሯል። በዚህ መካከል በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ልጆች ወልደዋል። ቢሆንም ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ መኪና ሳይነካ ከክፍሉ ደጃፍ የሚወርድ ተማሪ ይኖራል ማለት ነው።

ተማሪ በእንዲህ ያለ ነገር ምን ሥልጣን አለው የሚል ካለ ወደ ካሊፎርኒያ ዞር እንበል። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር በ1968 ከለንደን ከተማ ሁለት ያገለገሉ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ገዝቶ ራሱ ያስኬድ ጀመር። ዩኒትራንስ ይባላል። ነጂዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬም ነጂዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ አገልግሎቱም ከግቢው አልፎ የከተማው ሕዝብ አውቶቡስ ሆኗል። በ1968 የእኛ ታላላቆች በየአዳራሹ ስለ ዓለም ሁኔታ ሲከራከሩ የዴቪስ ተማሪዎች አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ይህን ስንል የታላላቆቻችንን ክርክር ማቃለላችን አይደለም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይቻል ነበር ማለታችን ነው እንጂ። እዚሁ በዋሽንግተን አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ በ2016 ከሜትሮ ጋር ተስማምቶ ተማሪው ከሴሚስተሩ ክፍያ ጋር ጥቂት ጨምሮ በአውቶቡሱና በባቡሩ እንደ ልቡ እንዲሳፈር አድርጓል። ሀብታም የግል ዩኒቨርሲቲ ያደረገውን ድኻው ተማሪ የሚበዛበት የሕዝብ ኮሌጅ ለምን አይጠይቅም?

አሁን ለአገር ቤት አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል፤ ነገሩ ለእናንተ የባሰ እንጂ የቀለለ አይደለምና።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፔዳ፣ ፖሊ፣ ይባብ፣ ዘንዘልማ እየተባሉ በከተማውና በዳርቻው ተበትነዋል። የጎንደሩም ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል እያለ እንዲሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ በብስክሌት የሚሄድ መምህርና ተማሪ፣ ሐኪምና ነጋዴ የሚታይባት፣ ብስክሌት መንዳት የድኽነት ምልክት ተደርጎ የማይታይባት ከተማ ናት። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት በየክፍለ ሀገሩ የተሠሩት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ብዙዎቹ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰፊ ሜዳ ላይ የተተከሉ ናቸው። ከበሩ እስከ ከተማው ያለው መንገድ ለእግረኛ አልታሰበበትም፤ ለሠራተኛው ሰርቪስ አለ፣ ለተማሪው ባጃጅ። ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተሠራ ግቢ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ስካይላይን ይምጣና የመኪና ማቆሚያውን ይመልከት።

አዲስ አበባ በ2015 ቀላል ባቡር ሲከፈትላት ሁላችን ከባሕር ማዶ ሆነን ፎቶግራፉን ተቀባብለናል። 34 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 41 ባቡሮች፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና የወጪና ገቢ ባንክ በብድር የተገኘ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መለዋወጫ ጠፋና ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ቆሙ። ከዚህ የምንማረው ባቡር አያስፈልገንም የሚለውን አይደለም። ባቡር መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩን የሚጠግን መሐንዲስና መለዋወጫውን የሚገዛ ዶላር ማዘጋጀት ሌላ ነገር ነው። በየውጭ አገሩ መካኒካልና ኤሌክትሪክ የምታጠኑ አባሎቻችን ሆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትመርጡ ይህን አስቡት።

መንግሥት በጃንዋሪ 2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በአዲስ አበባም ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ ጎዳናዎች የብስክሌትና የእግረኛ መስመር ተዘርግቷል። መልካም ነው። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድም መኪና መኪና ነው፤ ጭሱ ይቀራል እንጂ ስፋቱ አይቀርም፤ ዋጋውም ለተማሪ አይቀመስም። ተማሪ የሚፈልገው በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስና ብስክሌቱን ሳይሰረቅ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። የመጀመሪያው ከዚሁ ከወገኖቻችን ነው። በዋሽንግተን ታክሲ ከሚነዱት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያን ምን ያህል እንደሆኑ የሚሳፈር ሁሉ ያውቃል፤ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞችም እንዲሁ። ብዙዎቻችንን ያስተማረን የአባት ወይም የአጎት ታክሲ ነው። እናንተ ሰው ሁሉ በአውቶቡስ ይሂድ ስትሉ የእኛን እንጀራ ልትዘጉ ነው ወይ ይሉናል። ጋሽዬዎች፣ እንዲህ አይደለም። ታክሲ የሚሳፈረው ሰው ሌላ ነው፤ እየተበደረ መኪና የሚገዛው ልጃችሁ ሌላ ነው። ለልጃችሁ መኪና ኢንሹራንስ የምትከፍሉት ከዚያው በታክሲ ካገኛችሁት ላይ ነው። የቀረውን እውነት ለመናገር ደግሞ፣ መኪና በእኛ ዘንድ ከመሄጃነቱ ይልቅ የመድረስ ማስረጃ ሆኗል። በመጣን በሳምንታችን የሰው መኪና ተደግፈን ፎቶግራፍ ተነሥተን ወደ አገር ቤት ያልላክን ስንቶቻችን ነን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። በአገር ቤት ተማሪ በመንገድ ላይ እየታገተ እናንተ ስለ ፌርማታ ትጽፋላችሁ የሚል ነው። በ2019 መጨረሻ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን፣ በጁላይ 2024 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲጓዙ ገርበ ጉራቻ አጠገብ የታገቱትን ተማሪዎች አልረሳናቸውም። ለእነርሱ የመንገድ ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው፤ ከዚህ የሚቀድም የለም፤ ወደፊትም ራሱን ችሎ እንጽፍበታለን። ነገር ግን መንገድ ትንሽ ጉዳይ ነው የሚለውን አንቀበልም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ስለ ቤንዚን ዋጋ ነበር፤ መምህራኑም በዚያው ቀን አቆሙ፤ ተማሪውም ወጣ፤ በሳምንቱ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ዝቅ አደረገ። የዚያ ዓመት ታሪክ በመንገድ ላይ መጀመሩን የረሳ ካለ አባቱን ይጠይቅ።

የማኅበራችን የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ቅርንጫፎች በሚመጣው ሴሚስተር መጀመሪያ ይህን እንዲፈጽሙ እንጠይቃለን። እያንዳንዱ አባል ከክፍሉ ካሉት የአገር ልጆች አሥሩን ይጠይቅ፤ ከቤትህ እስከ ክፍልህ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል፣ በወር ስንት ታወጣለህ፣ በመንገድ ምክንያት የተውከው ኮርስ አለ ወይ? መልሱ ተሰብስቦ ለኮሌጁ አስተዳደር በጽሑፍ ይቅረብ፤ ስለ ሊስበርግ ፓይክ አውቶቡስ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራም ቢያንስ አምስት ሰው ይሂድ፤ ንግግሩ አጭር ይሁን፣ አንዱ እናት ወይም አባት ይሁኑ። እንግሊዝኛው ቢሰበር ግድ የለም፤ በየስብሰባው አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው።

ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሌላውም ቦታ የምታነቡን ደግሞ የግቢያችሁን መንገድ ጽፋችሁ ላኩልን። ከበሩ እስከ ከተማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ባጃጅ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ሴት ተማሪዎች ከመሸ በኋላ እንዴት እንደሚሄዱ፣ ብስክሌት ወደ ግቢ ማስገባት የተፈቀደ መሆኑን ግለጹልን። በሚቀጥለው እትም ዓምድ ይዘንላችኋል። ፌርማታ ላይ ቆማችሁ ብትጽፉትም ጽሑፉ ቢጣመም እናነበዋለን፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ ጊዜ አታጡም።